ያልደረስንበት ወደብ



እዚህ ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር፣ ጀልባ የሚነዱ ወጣቶች አንድ ልማድ አላቸው። ጠዋት ከሄዳችሁ ያለ ብዙ ንግግር ጉማሬዎቹ ወዳሉበት ይወስዷችኋል። ከሰዓት በኋላ ከሄዳችሁ ግን መጀመሪያ ሐይቁን ቆም ብለው ያያሉ። ነፋሱ ከተነሣ «ዛሬ ወዲያ አንሻገርም፤ በዳር በዳሩ እንሂድ» ይላሉ። «ከፍዬ የለም እንዴ!» ብሎ የሚከራከር እንግዳ አይጠፋም። ልጆቹ ብዙም አይመልሱለትም፤ ማዕበሉን በእጃቸው ያሳዩትና ዝም ይላሉ።

በዚህ ከተማ ከሃያ ዓመት በላይ ሳገለግል ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። እንደዚያ በሚከራከር እንግዳም በልቤ ስቄ አውቃለሁ። ባለፈው ዓመት ግን ያ እንግዳ ራሴ ሆኜ ተገኘሁ። ዛሬ ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ስለዚያ ነው። ታሪኩ እኔን ጥሩ አድርጎ አያሳይም፤ ነገር ግን ጌታ ያስተማረኝን ደብቄ ባስቀምጠው ለማንም አይጠቅምም።

በእጄ የያዝኋት ጥቅል

በ2016 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ላይ ጀርመን አገር ሀምቡርግ ከተማ ያሉ ኢትዮጵያውያን አማኞች ለሦስት ሳምንት ትምህርት ጋብዘውኝ ነበር። ታናሽ እህቴም እዚያው ትኖራለች። እርሷና ባለቤቷ የተጋቡበትን ሃያ አምስተኛ ዓመት ለማክበር ከልጆቻቸው ጋር ለአንድ ሳምንት በመርከብ ወደ ኖርዌይ ሊሄዱ ቲኬት ቆርጠው ኖሮ፣ በልጆቹ ክፍል አንድ አልጋ ትርፍ ስለ ነበረ «አንተም ትመጣለህ» አሉኝ። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ አፈርሁ። አንድ ፓስተር በሽርሽር መርከብ ላይ! ምእመናኑ ምን ይሉኛል? ነገር ግን መርከቡ የሚቆምባቸውን ከተሞች ዝርዝር ሳነብ አንዱ ስም ዓይኔን ያዘው፤ ኦሌሱንድ።

ለምን እንደ ያዘው ልንገራችሁ። የተወለድሁት ከይርጋለም ብዙ በማይርቅ የሲዳማ ገጠር ነው። ዓመት ሳይሞላኝ በከባድ ተቅማጥ ታምሜ እናቴ ተሸክማኝ ወደ ክሊኒክ ስትደርስ ዓይኔ ገብቶ፣ ማልቀስ እንኳ አቅቶኝ ነበር ትላለች። በዚያ ሌሊት ተረኛ የነበረች አንዲት የኖርዌይ ነርስ በስኳርና በጨው የተበጠበጠ ውኃ በሻይ ማንኪያ እየጨመረችልኝ፣ ጠብታ በጠብታ፣ እስኪነጋ ድረስ ከአጠገቤ አልተነሣችም። ነጋ፤ አለቀስሁ። እናቴ ታሪኩን በነገረችኝ ቁጥር «ስታለቅስ ሲስተርም አለቀሰች» ትለኝ ነበር። ከዚያም ነርሷ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረች፣ ቆይቶም በአብዮቱ ዘመን ወደ አገሯ ተመለሰች። እናቴ እንደሚገባ ሳታመሰግናት ቀረች።

እናቴ በ2014 ዓ.ም. ወደ ጌታ ሄደች። ከማረፏ በፊት ጥጡን በእጇ ፈትላ ያሠራችውን አንድ ነጠላ ሰጥታኝ ነበር። «ሲስተርን ካገኘሃት ይህን ስጣት። ልጁ አድጓል በላት» አለችኝ። እኔም በሚሲዮናውያኑ ቤተሰቦች በኩል ጠይቄ ሲስተር በሕይወት እንዳለች፣ ሰማንያ ስምንት ዓመት እንደ ሆናት፣ ከኦሌሱንድ ከተማ የአንድ ሰዓት ያህል ርቀት ላይ በባሕሩ ዳር እንደምትኖር አወቅሁ። ደወልሁላት። ከእኔ ይልቅ የጠራ የድሮ አማርኛ ትናገራለች፤ በሲዳምኛም ሰላምታ ሰጠችኝ። መርከቡ ኦሌሱንድ የሚቆምበትን ቀን ነገርኋት። የወንድሟ ልጅ በመኪና ወደ ወደቡ ሊያመጣት ተስማማን።

እንግዲህ ሻንጣዬ ውስጥ ያቺ ነጠላና ሁለት ኪሎ የሲዳማ ቡና ነበሩ። ለመርከቡ ምግብም ሆነ ለተራራው ውበት ብዙ ግድ አልነበረኝም። የእኔ ጉዞ አንድ ወደብ ብቻ ነበረው።

በጸጥታው መካከል የመጣ ማስታወቂያ

ያላያችሁት ካላችሁ፣ ፊዮርድ ማለት በጥንት ዘመን የበረዶ ግግር ተራራውን ፈልፍሎ የሠራው ሸለቆ ሲሆን፣ ኋላ ባሕር ገብቶበት ረጅምና ጠባብ የባሕር ክንድ የሆነ ነው። ጥልቀቱ ያስደነግጣል። በኖርዌይ ካሉት ሁሉ የሚረዝመው ሶኘፊዮርድ የሚባለው ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ መሬት ውስጥ ይገባል፤ ጥልቅ በሆነበት ስፍራ ከ1,300 ሜትር ይበልጣል። የእኛ የሐዋሳ ሐይቅ ጥልቀት ከ20 ሜትር ብዙም እንደማያልፍ ስታስቡ ልዩነቱ ይገባችኋል።

መጀመሪያ በርገን ደረስን። ቀጥሎ ጌይራንገር ወደምትባል ትንሽ መንደር ገባን። ግራና ቀኙ ገደል፣ ከገደሉ የሚወርዱት ፏፏቴዎች «ሰባቱ እህቶች» ይባላሉ። ውኃው እንደ መስተዋት ነበር፤ ቅጠል እንኳ አይንቀሳቀስም። በማግስቱ ጠዋት ኦሌሱንድ ነን። ነጠላዋን ከሻንጣዬ አውጥቼ እንደገና አጣጠፍኋት።

ከጌይራንገር ተነሥተን እራት በልተን እንዳበቃን፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አካባቢ፣ የካፒቴኑ ድምፅ በድምፅ ማጉያው መጣ። የእህቴ ልጅ ተረጎመችልኝ፦ ነገ ጠዋት በባሕሩ ጠረፍ ላይ ብርቱ ነፋስ ስለሚጠበቅ ኦሌሱንድ መቆም አንችልም፤ መርከቡ ወደ ደቡብ ተጉዞ ሃውገሱንድ በምትባል ከተማ ይቆማል፤ ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ።

ካርታው ላይ አየሁ። ሃውገሱንድ ከኦሌሱንድ በመኪና ሙሉ ቀን የሚወስድ መንገድ ነው፤ መርከባችን የሚቆየው ግን ለጥቂት ሰዓታት ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የመልስ ጉዞ ብቻ ነው። የአውሮፕላን ቲኬቴ ደግሞ በዚያው ሳምንት መጨረሻ ወደ አዲስ አበባ ነው። የቀረ መንገድ የለም።

በመስኮት ተመለከትሁ። ውኃው አሁንም እንደ መስተዋት ነው። «የታለ ነፋሱ?» አልሁ። ተነሥቼም ወደ እንግዳ መቀበያው ወረድሁ።

ሰልፍ ነበር። አንዱ ስለ ከፈለው የአውቶቡስ ጉብኝት ይጠይቃል፣ ሌላው ገንዘቤ ይመለስ ይላል። ተራዬ ሲደርስ ከጠረጴዛው በስተኋላ ያለችውን ወጣት፣ የፊሊፒንስ ልጅ ናት፣ በማይረባው እንግሊዝኛዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኋት። አንዲት የሰማንያ ስምንት ዓመት ሴት እየጠበቀችኝ ነው አልኋት። ነፋስ የለም አልኋት። ሥራችሁ ማታለል ነው አልኋት። ይህን የተናገርሁት እኔ ነኝ፤ ባለፈው እሑድ በሀምቡርግ ስለ መንፈስ ፍሬ፣ ስለ ትዕግሥትና ስለ የዋህነት የሰበክሁት ሰው። ልጅቷ ዓይኖቿ እንባ ሞላ፤ ግን ፈገግታዋን አልለቀቀችም። «ይቅርታ ጌታዬ» አለችኝ። የእህቴ ልጅ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። በመንገድ ላይ ምንም አልተናገረችም፤ ዝምታዋ ግን በቂ ስብከት ነበር።

«ቻይና ነበር የኔ ወደብ»

አሁን ከባዱ ነገር ቀረ፤ ለሲስተር መንገር። በእህቴ ስልክ ደወልሁ። ገና ሳልጀምር «አውቄአለሁ» አለች። «ዜናው ስለ ነፋሱ ሲናገር ነበር። ትልቁን መርከብ በዚህ ነፋስ ወደብ አያስገቡትም። ጎኑ እንደ ሸራ ነው፤ ነፋሱ ይገፋዋል።» የባሕር ዳር ልጅ ናት፤ ከካፒቴኑ ጋር ተስማማች እንጂ ከእኔ ጋር አልተስማማችም።

«ሲስተር፣ በጣም አዝናለሁ፤ ከዚህ ሁሉ አገር መጥቼ...» ስል ድምፄ ተያዘ።

ትንሽ ዝም አለችና «ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርህ» አለችኝ። «እኔ ልጅ ሳለሁ በሰንበት ትምህርት ቤት ሳንቲም የምናጠራቅመው ለቻይና ነበር። በየማታው የምጸልየው ለቻይና ነበር። ሳድግ እዚያ እሄዳለሁ ብዬ ነበር። ቻይና ነበር የኔ ወደብ። ገና ትንሽ ልጅ ሳለሁ ተዘጋ። ብዙ አለቀስሁ። ካደግሁ በኋላ ወደ ሲዳማ ላኩኝ። ሲዳማ የት እንደ ሆነ እንኳ አላውቅም ነበር። ቻይና ባይዘጋ አንተን በማንኪያ ማን ያጠጣህ ነበር?»

ወገኖች፣ በሥነ መለኮት ኮሌጅ የቤተ ክርስቲያንን ታሪክ ተምሬአለሁ፤ ፈተናውንም አልፌአለሁ። የኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮን እ.ኤ.አ. በ1891 ሲመሠረት ለቻይና ተብሎ እንደ ነበረ፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ የቻይና በር እየተዘጋ ሲሄድ እ.ኤ.አ. በ1948 ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ እንደ መጡ አውቅ ነበር። ከዚያ በኋላ በቦረና፣ በጌዴኦና በሲዳማ የሆነውን እናንተም ታውቃላችሁ፤ ትምህርት ቤቶቹ፣ ሕክምናው፣ ዛሬ በየመንደሩ ያለው ጉባኤ። ነገር ግን ያ ታሪክ እኔን የሚመለከት እንደ ሆነ፣ የእኔ እስትንፋስ በአንድ የተዘጋ ወደብ ላይ የተንጠለጠለ እንደ ነበረ፣ እስከዚያች ማታ ድረስ አላሰብሁትም።

ከዚያም ሲስተር እንዲህ አለችኝ፦ «መርከቡ ወደ ውጭው ባሕር ሲወጣ በቤቴ ፊት ያልፋል። እኔ በጊዜ ነው የምተኛው፤ ዛሬ ግን መብራቱን አበራለሁ። ከማዶ ሆነህ እየኝ።»

እስከ እኩለ ሌሊት መርከቡ ላይ ቆምሁ። በሰኔ እዚያ አገር ሌሊቱ ፈጽሞ አይጨልምም፤ እንደ ንጋት ወገግታ ነው። ወደ ባሕሩ አፍ በቀረብን መጠን ነፋሱ መጣ። መጀመሪያ ባርኔጣዬን፣ ቀጥሎ ሚዛኔን ሊያስተኝ ደረሰ። ካፒቴኑ ሦስት ሰዓት ቀድሞ ያየውን እኔ ያኔ በፊቴ ላይ አገኘሁት። በዳርቻው ብዙ መብራቶች ነበሩ። የትኛው የእርሷ እንደ ሆነ አላወቅሁም። ለሁሉም እጄን አወዛወዝሁ።

የጳውሎስ መርከብ

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ ስላልመጣ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27ን ከፍቼ አነበብሁ። ብዙ ጊዜ ሰብኬበታለሁ፤ በሚናወጥ መርከብ ውስጥ ሆኜ ሳነበው ግን የመጀመሪያዬ ነበር። አስተውላችሁ እንደ ሆነ ያ ምዕራፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የወደብ መለዋወጥ ታሪክ ነው። ከቂሣርያ ተነሥተው ሲዶና ይቆማሉ፤ ነፋሱ ስለማይመች በቆጵሮስ ተጠግተው ያልፋሉ፤ በሙራ መርከብ ይቀይራሉ፤ በጭንቅ መልካም ወደብ ወደሚባል ስፍራ ይደርሳሉ። እዚያ መክረም አይመችም ብለው ፍንቄ ወደምትባል ሌላ ወደብ ሊሄዱ ይነሣሉ። ፍንቄ ግን አልደረሱም። ከአሥራ አራት ሌሊት በኋላ ሁለት መቶ ሰባ ስድስት ነፍስ ከፊሉ እየዋኘ፣ ከፊሉ በመርከብ ስብርባሪ እየተንሳፈፈ በማያውቃት ደሴት በመላጥያ ዳርቻ ተጣለ።

በዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ያዘኝ። የመጀመሪያው ቁጥር 13 ላይ ያለው ለስላሳ የደቡብ ነፋስ ነው። ነፋሱ ሲለሰልስ ሐሳባችን ተሳካ ብለው መልሕቃቸውን አነሡ። ለስላሳው ነፋስ ግን ምስክር አልነበረም። እኛም ብዙ ጊዜ ነገሩ ሲቃናልን «የጌታ ፈቃድ ነው»፣ ሲዘጋብን ደግሞ «ጌታ ትቶኛል» እንላለን። ጌይራንገር ላይ ውኃው መስተዋት ስለ ነበረ እኔ ካፒቴኑን ውሸታም አልሁት። የቆምሁበት ስፍራ ጸጥታ የምሄድበትን ስፍራ አይነግረኝም ነበር።

ሁለተኛው ምዕራፍ 28 ነው። ጳውሎስ በመላጥያ ሦስት ወር ቆየ። የመጀመሪያ ሥራው ምን ነበር? ጭራሮ መሰብሰብ። ቀጥሎም በንዳድና በተቅማጥ ታሞ የተኛ የአንድ ሽማግሌ አልጋ አጠገብ ሄዶ መጸለይ። «ተቅማጥ» የሚለውን ቃል ሳነብ ቆምሁ። ፍንቄ ቢደርስ ያ ሽማግሌ ማን ይደርስለት ነበር? ቻይና ባይዘጋ እኔን ማን ይደርስልኝ ነበር?

የአገራችንም የወንጌል ታሪክ በዚህ የተሞላ ነው። በ1920 ዓ.ም. ከዶክተር ቶማስ ላምቢ ጋር ከአዲስ አበባ በበቅሎ የተነሡት ሚሲዮናውያን ሐሳባቸው ጅማ ነበር፤ የደረሱት ግን ከምባታ፣ ወላይታና ሲዳማ ነው። ከእነርሱ በፊት ደግሞ አስቴር ጋኖ አለች። በባርነት ተይዛ ወደ ዓረብ አገር ልትሸጥ በጀልባ ስትጫን እ.ኤ.አ. በ1886 የጣሊያን መርከቦች ጀልባውን ይዘው መንገዱን አስቀየሩት። ወደ ምፅዋ ተወሰደች፤ እዚያ አጠገብ በእምኩሉ ከስዊድን ሚሲዮናውያን ዘንድ ተማረች፤ ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋርም እ.ኤ.አ. በ1899 ለታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ደከመች። የእርሷ ጀልባ ወደታሰበለት ወደብ ቢደርስ ኖሮ ብዬ ሳስብ ዝም እላለሁ።

ሃውገሱንድ ላይ የሆነው

ሲነጋ መጀመሪያ ያደረግሁት ወደ እንግዳ መቀበያው መውረድ ነው። ያቺን ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ስትሠራ አድራ ልትወጣ ስትል አገኘኋት። «ትናንት በድያችኋለሁ። ፓስተር ነኝ፤ እንዲያ መናገር አልነበረብኝም። ይቅር በይኝ» አልኋት። ደነገጠች። ከዚያ ሳልጠይቃት ስልኳን አውጥታ የአንድ ሕፃን ፎቶ አሳየችኝ። ልጇን ካየች ስምንት ወር ሆኗታል። መርከቡ ወደብ ሲቆም ነው ከወደቡ ወጥታ ተረጋግታ በቪዲዮ የምታነጋግረው፤ ኦሌሱንድ ላይ ደግሞ የእርሷ የዕረፍት ሰዓት ነበር። ወደቡ ሲቀየር የእርሷም ሰዓት ተቀየረ። ከሁለት ሺህ ሰው በላይ በተሳፈረበት መርከብ ቀጠሮ የተሰረዘበት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለልጇ ቆመን ጸለይን፤ እኔ በአማርኛ፣ እርሷ በራሷ ቋንቋ።

ሃውገሱንድ ዝናብ እየዘነበ ነበር። ነጠላዋንና ቡናውን ይዤ ፖስታ ቤት ጠይቄ ሄድሁ። ከሐዋሳ ብልከው ስንት ወር እንደሚፈጅ አላውቅም፤ ከዚያው ከኖርዌይ ግን በጥቂት ቀን ደረሰላት። እኔ አገሬ ከገባሁ በኋላ በቪዲዮ ደወለችልኝ። ነጠላዋን ለብሳ ነበር፤ እንደ እናቶቻችን በትከሻዋ ጣል አድርጋ። ለእኔ ብላ የጋገረችውን ድፎ ዳቦ ከጎረቤቶቿ ጋር እንደ በሉት ነገረችኝ፤ «ኮባ ስለሌለ ጥሩ አልሆነም» አለች። እኔም የእናቴን መልእክት አደረስሁ፦ «ሲስተር፣ ልጁ አድጓል።» እርሷም አለቀሰች፤ እኔም አለቀስሁ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር፤ አላለቀም። «በሚቀጥለው ክረምት በጌታ ፈቃድ እመጣለሁ» ብያት ነበር። በጥር ወር ወደ ጌታ ሄደች። እጇን ሳልይዝ ቀረሁ። ስለዚህ «ወደቡ የተቀየረው ለበጎ ነው፤ ይኸው ፖስታ ቤት አገኘሁ፣ ይኸው ለአንዲት እናት ጸለይሁ» ብዬ ሒሳቡን ልዘጋው አልችልም። የጠፋው ጠፍቷል። በምድር ላይ ያንን እጅ አልይዝም። ይህን የምለው አንዳንዶቻችሁ ወንድምና እህት ሲያዝን ቶሎ ብላችሁ «ለበጎ ነው» እንዳትሉ ነው። የጳውሎስ መርከብ ተሰብሯል፤ ጭነቱ ባሕር ገብቷል። ሉቃስ ይህን አልደበቀም። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ሁሉ ጠበቀ ማለት ምንም አልጠፋም ማለት አይደለም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

በጉባኤያችን ወደባቸው የተቀየረባቸው ብዙዎች አሉ። ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. ከአጎዋ ዕድል ስትወጣ፣ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠርተን ወንድሞቻችንን እናስተምራለን ብለው ከገጠር የመጡ እህቶች ሥራ አጥተው በቢሮዬ ቁጭ ብለው አልቅሰዋል። ቪዛ የተከለከለ፣ ሠርጉ ሊደርስ ሲል የፈረሰ፣ የተመደበበት ዩኒቨርሲቲ ያላሰበው የሆነበት ወጣት አለ። ለእናንተ ከመርከቡ ያገኘሁትን ሦስት ነገር ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ዕቅድ አውጡ፤ ግን በእርሳስ ጻፉት። ያዕቆብ በምዕራፍ 4 ከቁጥር 13 ጀምሮ የሚገሥጸው ዕቅድ ማውጣትን አይደለም፤ ነገን የራስ ንብረት አድርጎ መናገርን ነው። በኋላ እንደ ተረዳሁት የመርከቡ ውል ላይ ካፒቴኑ ለደኅንነት ሲል ወደብ ሊቀይር እንደሚችል በግልጽ ተጽፏል። በመርከቡ በኩል ጉብኝት የገዙ ገንዘባቸው ተመለሰላቸው፤ የእህቴ ባል ለብቻው ለተከራየው መኪና የከፈለው ግን ቀረ። እኛ ውሉን ሳናነብ ፈርመን ነበር። «በጌታ ፈቃድ» የሚለውም ቃል እንዲሁ ነው፤ በየንግግራችን መጨረሻ እንፈርምበታለን እንጂ አናነበውም። ስለዚህ ማመስገን ያለባችሁ ሰው፣ ይቅርታ የምትጠይቁት ወላጅ ካለ፣ ነገሩን በአንድ ቀንና በአንድ ወደብ ላይ አታንጠልጥሉት። እኔ ለሲስተር ከዓመታት በፊት መደወል እችል ነበር።

ሁለተኛ፣ ንዴታችሁ በማን ላይ እንደሚወርድ ተጠንቀቁ። ነፋሱን መቆጣት ስለማንችል ከጠረጴዛ ጀርባ ያለችውን ልጅ እንቆጣለን። ሥራ ያጣ አባት ልጆቹን ይቆጣል፤ ቪዛ የተከለከለ ወጣት እናቱን። ለእግዚአብሔር ያላችሁን እሮሮ ለእግዚአብሔር ንገሩት፤ መዝሙረኞቹ እንዲያ ያደርጉ ነበር፤ እርሱ ይችለዋል። ደካማው ሰው ላይ አታውርዱት። ካወረዳችሁም፣ ሳይመሽ ተመልሳችሁ ይቅርታ ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ በደረሳችሁበት ወደብ ጭራሮ ሰብስቡ። ጳውሎስ ልብሱ ሳይደርቅ ለእሳቱ እንጨት ይለቅም ነበር። ያላሰባችሁት ከተማ፣ ያላሰባችሁት ሥራ፣ ያላሰባችሁት ቤት ውስጥ ከሆናችሁ፣ «ይህ የእኔ ቦታ አይደለም» እያላችሁ ዓመታት አታሳልፉ። ምናልባት በአጠገባችሁ በማንኪያ ውኃ የሚጠብቅ ሕፃን አለ።

ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ ወደ ፍቅር ሐይቅ ሄጄ ነበር። ነፋስ ተነሥቷል። ጀልባ ነጂው ልጅ ሐይቁን አየና «ፓስተር፣ ዛሬ በዳር በዳሩ ነው» አለኝ። «እሺ ልጄ፣ አንተ ታውቃለህ» አልሁት። በዳር በዳሩ ስንሄድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ሲጠግኑ አየሁ፤ መሐሉን ሳቋርጥ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

እስቲ ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ዝም ብላችሁ አስቡ፦ ያልደረሳችሁበት ወደብ የቱ ነው? ለጌታ በስሙ ጥሩለት። ከዚያም ያላችሁበትን ስፍራ እንዲያሳያችሁ ለምኑት።

ጌታ ሆይ፣ የነፋሱ ጌታ አንተ ነህ። ያጣነውን ታውቃለህ፤ እናለቅሳለን፣ አንተም ትሰማለህ። ባደረስኸን ስፍራ ታማኞች አድርገን። የበደልናቸውን ይቅርታ ለመጠየቅ፣ ያልከፈልነውን ምስጋና ለመክፈል ጊዜ ሳያልፍ አስነሣን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።

ጸጋው ይብዛላችሁ።